ዜሮም ይጻፋል፦ ኮራል ለመቁጠር ለሚሄዱ ሰዎች

በባሕር ጥበቃ ሥራ በበጎ ፈቃደኝነት መሰማራቴን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ሻርክ ነው። አዎ፣ አይቻለሁ፤ ትንሽ ነበር፤ ከቁብም ሳይቆጥረኝ አለፈ። ከዚያ ስለ ዋናው ሥራ መናገር ስጀምር የጠያቂው ዓይን ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ዋናው ሥራ ቆጠራ ነው። ገመድ መዘርጋት፣ በገመዱ ሥር ያለውን መቁጠር፣ የቆጠሩትን በሰሌዳ ላይ መጻፍ፣ ማታ የጻፉትን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ በማግስቱ ሌላ ቦታ ሄዶ ያንኑ መድገም። ይህን እያወቀ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የምለው አለኝ።

የኮራል ሪፎች፣ ማለትም ኮራል የሚባሉት ጥቃቅን እንስሳት በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ከኖራ ድንጋይ የገነቧቸው የባሕር ውስጥ ግንቦች፣ ከውቅያኖስ ወለል የሚሸፍኑት ከ1 በመቶ በታች ነው። ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ግን በሕይወታቸው በሆነ ወቅት ኑሯቸው ከሪፍ ጋር ይገናኛል። ዓለም አቀፉ የኮራል ሪፍ ክትትል መረብ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው ሪፖርት ከ2009 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ብቻ ከዓለም ኮራል 14 በመቶው መጥፋቱን አስልቷል። እንዲህ ያለው ቁጥር ከሰማይ አይወርድም። በየባሕሩ ሰው ውሃ ውስጥ እየገባ ያየውን ሲጽፍ፣ የተጻፈውም ሲደማመር ነው የሚገኘው።

ፈቃደኛ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው፤ የሚያስከፍሉ አሉ፣ የማያስከፍሉም አሉ። ክፍያ መኖሩ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ጀልባ ነዳጅ ይጠጣል፣ የአየር ሲሊንደር መሙላት ወጪ አለው፣ አሠልጣኙም ደመወዝተኛ ነው። እኔ ከገንዘቡ በፊት የማነሣቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉኝ። ቆጠራው እንዲካሄድ የፈለገው ማን ነው? በዚያ ባሕር የሚተዳደረው ሕዝብ አለበት ወይስ ከሩቅ የመጣ ድርጅት ብቻ ነው? ውጤቱ ለማን፣ በምን ቋንቋ ይቀርባል? አንዱን ቦታ ስንት ዓመት ተመላልሰው ቆጥረውታል? ፈቃደኛ በማይመጣበት ወቅትስ ሥራውን ማን ይሠራል? ለመጨረሻው ጥያቄ «የአካባቢው ጠላቂዎች» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ልባችሁን ጣሉበት። «በዚያ ወቅት ሥራ የለም» ከተባላችሁ ግን የምትሄዱት ለሽርሽር ነው። ሽርሽር ነውር አይደለም፤ በስሙ ይጠራ ማለቴ ነው።

ዘዴውንም ጠይቁ። በፈቃደኞች እጅ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች በሰፊው የታወቀው የሪፍ ቼክ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሥርቶ በዓመቱ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ቆጠራ አካሂዷል። መነሻው ቀላል ነው፤ የባሕር ሳይንቲስቶች ጥቂት ናቸው፣ ሪፉ ደግሞ ሰፊ ነው። ስለዚህ ተራ ጠላቂ በጥቂት ቀናት ሥልጠና አስተካክሎ ሊለያቸው የሚችላቸው፣ የሪፉን ጤንነት የሚናገሩ ጥቂት ፍጥረታት ተመርጠው ይቆጠራሉ። የዓሣውን ሁሉ ስም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የተመረጡትን ግን እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ ብትጠየቁ እንኳ መለየት አለባችሁ፤ ከሥልጠናው ማብቂያ ላይ ፈተና አለ፣ ፈተናውን ያላለፈ ሰው የሚጽፈው ቁጥር ወደ መዝገብ አይገባም። ይህ ጥብቅነት በሌለበት ፕሮግራም ጊዜያችሁን አታጥፉ።

ስለ ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ላጥብቅ። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ጥልቀትና ስለ ትንፋሽ ነው። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው ችሎታ ግን በአንድ ከፍታ ላይ ጸንቶ መንሳፈፍ ነው፤ ሳይወጡ፣ ሳይወርዱ፣ እጅን ሳያወናጭፉ፣ ራስን ዘቅዝቆ እየጻፉ። ሰሌዳውን ሲመለከቱ እግር ይወርዳል፤ እግር ሲወርድ ጫማ ላይ የታሰረው መቅዘፊያ ኮራል ይመታል። ድንጋይ የሚመስሉት ክብ ኮራሎች በዓመት የሚያድጉት በአብዛኛው ከ2 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ በአንድ እርግጫ የሚፈርሰውን ዕድሜ አስቡት። ከመሄዳችሁ በፊት በመዋኛ ገንዳ ውስጥ እየተንሳፈፋችሁ በሰሌዳ ላይ መጻፍን ተለማመዱ። ሲሊንደር ይዞ መጥለቅ የማትፈልጉ ወይም ሐኪም የከለከላችሁ ከሆነም አትቅሩ፤ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ከውሃው ገጽ ላይ የሚሠሩ ቆጠራዎች አሉ።

ጓንት አታድርጉ። ጓንት ያደረገ እጅ መንካት ያምረዋል።

የመጀመሪያዎቹ የሥልጠና ቀናት ዓይንን ማረም ናቸው ብል ይሻላል። ውሃ ውስጥ በመነጽር ሲታይ ማንኛውም ነገር በሲሶ ያህል ተልቆ፣ በሩብ ያህል ቀርቦ ይታያል። ይህ የብርሃን ጠባይ ነው፤ ጎበዝም ሰነፍም አይቀርለትም። የቆጠራ ቅጹ ደግሞ መጠን ይጠይቃል፤ የግሩፐር ዓሣ የሚቆጠረው ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆን ነው፣ በቀቀን ዓሣ ከ20 በላይ። ስለዚህ ከእንጨት የተቆረጡ የዓሣ ቅርጾች በገመድ ታስረው ባሕር ውስጥ ይሰቀላሉ፤ ሠልጣኝ እያለፈ የእያንዳንዱን ርዝመት ይገምታል፣ ሲወጣ ከትክክለኛው ጋር ያመሳክራል። በዚህ ልምምድ ሰው ሁሉ አጋናኝ ነው። ቀለምም ያታልላል፤ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው፣ በጥቂት ሜትሮች ጥልቀት ላይ ቀይ ዓሣ አመድማ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በመጽሐፍ ላይ ያጠናችሁትን ፎቶግራፍ እዚያ ስታጡት አትደንግጡ፤ በቅርጹና በአዋዋኙ መለየትን ልመዱ።

አሁን ወደ ገመዱ። በሪፍ ቼክ ዘዴ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ሜትሮ፣ ማለትም ቁጥር ያለበት መለኪያ ገመድ፣ በአንድ ጥልቀት ላይ፣ የሪፉን መስመር ተከትሎ ይዘረጋል። በላዩ ላይ እያንዳንዳቸው 20 ሜትር የሆኑ አራት ክፍሎች አሉ፤ በመካከላቸው 5 ሜትር ይዘለላል። መጀመሪያ የሚቆጠረው ዓሣ ነው፤ ምክንያቱም ዓሣ ይሸሻል። ገመዱ ከተዘረጋ በኋላ ሁሉም ሰው ከአካባቢው ርቆ 15 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የተረበሸው ዓሣ ወደ ቦታው ይመለስ ዘንድ። ከዚያ ቆጣሪው ከገመዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወደ ላይ 5 ሜትር ያለውን ቦታ እንደ ኮሪደር እያሰበ፣ በየ5 ሜትሩ ቆም እያለ በዝግታ ያልፋል። ከኮሪደሩ አንድ ክንድ ወጣ ብሎ የሚያምር ዓሣ ቢቆም አይቆጠርም። ይህ ቀላል ይመስላል፤ እዚያ ስትሆኑ ግን እጃችሁ ወደ እርሳሱ ይሄዳል።

ቀጥሎ እንደ ባሕር ጃርትና ሎብስተር ያሉት አጥንት የሌላቸው ፍጥረታት ይቆጠራሉ፤ ለዚህ ጉድጓዱንና የኮራሉን ሥር ሁሉ ዝቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የመጨረሻው የወለሉ ቆጠራ ነው፤ እኔ ብዙ ጊዜ የተሰለፍኩት እዚህ ላይ ነበር። በየ50 ሴንቲሜትሩ ከገመዱ ሥር ምን አለ? በአንድ ክፍል 40 ነጥብ፣ በጠቅላላው 160። ሕያው ኮራል፣ ለስላሳ ኮራል፣ በቅርብ የሞተ ኮራል፣ ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ፣ አልጌ፣ ዓለት፣ ስብርባሪ፣ አሸዋ፣ ደለል። ስብርባሪ የሚባለው ከግማሽ እስከ 15 ሴንቲሜትር የሆነው ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ዓለት ይሆናል። አሸዋና ደለል ለመለየት በጣት ቆንጠር አድርጎ መልቀቅ ነው፦ ወዲያው ወደ ወለሉ ከተመለሰ አሸዋ፣ እንደ ጭስ ተንጠልጥሎ ከቀረ ደለል። ልዩነቱ ቁም ነገር ነው፤ ደለል የበዛበት ሪፍ ከየብስ የሚመጣ አፈር እያፈነው መሆኑን ይጠቁማል።

ከገመዱ ሥር ስል ግን በትክክል የት? ገመዱ ከወለሉ ከፍ ብሎ በሁለት ኮራሎች መካከል ተወጥሮ ሲቆም፣ ጭንቅላት ትንሽ ወደ ግራ ሲዘነበል ነጥቡ አሸዋ ላይ ያርፋል፤ ወደ ቀኝ ሲሆን ሕያው ኮራል ላይ። ሰው ደግሞ ሳያውቀው ሕይወት ወዳለበት ያጋድላል፤ ኮራል ሊያይ ነውና የመጣው። ለዚህ መፍትሔው ክር ላይ የታሰረች አንዲት የብረት ዳዶ ናት። ክሩን ከቁጥሩ አጠገብ አንጠልጥሎ መልቀቅ፤ ዳዶዋ የነካችውን መጻፍ። የቡድናችን መሪ የዚያው አካባቢ ተወላጅ የሆነች ወጣት ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ጀልባ ላይ ክሮቹን ስታድለን የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «እናንተ አትምረጡ፤ ክሩ ይምረጥ።» ዳዶዋ ከኮራሉ ጠርዝ በአንድ ጣት ርቀት አሸዋ ላይ ስታርፍ «አሸዋ» ብሎ መጻፍ ምን ያህል እንደሚያስቆጭ ያልሞከረው አያውቀውም። 160ውን ነጥብ እንደዚያ ከጻፋችሁ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ፣ እናንተን አይቶ የማያውቅ ሰው የእርሱን ቁጥር ከእናንተ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። የፈቃደኛ ቆጠራ ዋጋው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሲለዋወጥ ዓይኑ አንድ ሆኖ መቆየቱ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ነጭ ነገር ነው። ነጭ ኮራል ያየ ጀማሪ «ሞቷል» ብሎ ይጽፋል። ኮራል ቀለሙንና አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ በዓይን ከማይታዩ አልጌዎች ነው። ውሃው ከለመደው በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ያን ጊዜ ብርሃን በሚያሳልፈው ሥጋው በኩል ነጭ አጥንቱ ይታያል። ነጥቷል እንጂ አልሞተም። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌዎቹ ተመልሰው ሊያንሠራራ ይችላል፤ ከረዘመ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ የነጣ ኮራል ሕያው ተብሎ ተመዝግቦ፣ መንጣቱ ለብቻው ይጻፋል። ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሥጋው ካለ ገጹ ልስልስ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ነው፣ በየጉድጓዱም የተሰበሰቡ ጥቃቅን ጣቶች ይታያሉ። ሥጋው ከሌለ አጥንቱ ሻካራና ደረቅ ነው፣ ውሎ ሲያድር ደግሞ ቀጭን የአልጌ ጸጉር ያበቅላል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ኮራል ዋች (CoralWatch) የተባለ ፕሮግራም ለዚህ የሚሆን የቀለም ካርድ አለው፤ ከ1 እስከ 6 በደረጃ የተደረደሩ ቀለማት ያሉበት ነው። ካርዱን ከኮራሉ አጠገብ ይዞ የፈዘዘውንና የደመቀውን ክፍል መመዝገብ ብቻ ነው፤ ኮራሉን መንካት አያስፈልግም።

መንጣት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዓለም አቀፍ የተባለው የመጀመሪያው በ1998 ደርሷል፣ ቀጥሎ በ2010፣ ከዚያ ከ2014 እስከ 2017 በተከታታይ። አራተኛውን የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደርና አጋሮቹ በሚያዝያ 2024 አረጋግጠዋል፤ ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ይኸው መሥሪያ ቤት በሳተላይት የባሕሩን ገጽ ሙቀት እየለካ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሳተላይቱ ግን የሚያውቀው ውሃው መሞቁን ነው፤ ኮራሉ መንጣቱን፣ የነጣውም ማገገሙን የሚናገረው ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ሙቀት በበረታበት ወቅት ከሄዳችሁ ለዚህ ተዘጋጁ። ቀደም ሲል የቆጠራችሁት ቡናማ መስክ አሁን ነጥቶ ስታዩት ሰሌዳው ላይ ከምታስገቡት ቁጥር በላይ የምታደርጉለት ነገር የለም። ከእኛ መካከል ከውሃ ወጥታ ሰዓታት ሙሉ ያልተናገረች ሴት ነበረች። ማታ ግን መረጃዋን አስገባች።

ነጭ ሁሉ ደግሞ የሙቀት ሥራ አይደለም። በአንድ ኮራል ላይ ብቻ፣ ከጠርዝ ጀምሮ የሚሄድ ነጭ ንጣፍ ካያችሁ ሥሩን ፈትሹ፤ የእሾህ አክሊል የምትባለዋን የባሕር ኮከብ ልታገኟት ትችላላችሁ። ከደርዘን በላይ ክንዶች አሏት፣ ሁለመናዋ በመርዛም እሾህ የተሸፈነ ነው፣ ሆዷን ወደ ውጪ ገልብጣ የኮራሉን ሥጋ እዚያው ትፈጨዋለች። ጥቂት ስትሆን የሪፉ አካል ናት። ስትበዛ ጥፋት ናት፤ በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በ27 ዓመት ውስጥ የኮራሉ ሽፋን በግማሽ መቀነሱን ገልጾ፣ ከጠፋው 42 በመቶውን ለእርሷ ሰጥቷል። የሠለጠኑ ሰዎች ኮምጣጤ ወይም ሌላ ፈሳሽ በመርፌ እየወጉ ያስወግዷታል። እናንተ ግን ቁጠሩና ተናገሩ፤ በቢላዋ የሚጀግን ፈቃደኛ በየቡድኑ አንድ አይጠፋም፣ አትሁኑት።

የባሕር ጃርት መቁጠር የማይረባ የሚመስለው ሰው ካለ የካሪቢያንን ታሪክ ይስማ። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1984 ረጅም እሾህ ያለው ጥቁሩ የባሕር ጃርት በበሽታ አለቀ ለማለት በሚቻል ደረጃ ረገፈ። አልጌውን ይግጥ የነበረው እርሱ ስለነበር፣ አልጌ የሚበሉት ዓሦችም አስቀድመው በአጥማጅ ስለተመናመኑ፣ በብዙ ቦታ ሪፉን አልጌ ወረሰው። ጃርት እጅግ ሲበዛ ደግሞ ዓለቱን እየፋቀ ያፈርሳል። ቁጥሩ ብቻውን ጥሩ ወይም መጥፎ አይባልም፤ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር ነው የሚናገረው።

ስለ ዜሮ እንነጋገር። በቅጹ ላይ ናፖሊዮን የተባለው ግንባረ ጉጥ ግዙፍ ዓሣ የራሱ ረድፍ አለው። ለምግብ በገፍ ስለታደነ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ውስጥ እንዲገባ ተደርጓል። እኛ በቆጠርንበት ባሕር ረድፉ ዜሮ ነበር፤ በየክፍሉ፣ በየጥልቀቱ፣ ዜሮ። ሰው ዜሮ መጻፍ ይሰለቸውና ሳጥኑን ባዶ ይተዋል። ባዶ ሳጥን ግን ሁለት ትርጉም አለው፤ «ፈልጌ አጣሁ» እና «አልፈለግሁም»። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚከፍት ሰው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። ዜሮ ሲጻፍ ብቻ ነው፣ አንድ ቀን 1 ሲመጣ ያ 1 ምሥራች የሚሆነው። ስለዚህ ዜሮም ይጻፋል፣ በጉልህ።

መረጃውን በዚያው ቀን አስገቡ። ሰሌዳ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ደብዛዛ ነው፤ የጻፈው ሰው እንኳ ሲያድር 3 ይሁን 8 መለየት ይቸግረዋል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ከዚያ ተለዋውጠው ያመሳክራሉ። ጨው የጠጣ ቆዳ እያሳከከ፣ ዓይን እየተከደነ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ግን ዋናው ሥራ የሚበላሸው ውሃ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የተማርኩበት ቦታ የስብሰባ ዳስ ነው። ፕሮግራሙ የዓመቱን ውጤት ለዓሣ አጥማጆቹ የሚያቀርብበት ቀን ነበረው። መሪያችን ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ ዘርግታ አስረዳች፤ እኛ ፈቃደኞች ከኋላ ተቀምጠን በአስተርጓሚ እንሰማለን። አንድ አዛውንት እስክትጨርስ ጠብቀው «ልጄ፣ ገመዶቻችሁ ሁሉ ከወንዙ አፍ ወዲህ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ይቆጥርልናል?» አሉ። «አባባ፣ እዚያ ውሃው ደፍራሳ ነው፤ አይታይም» አለቻቸው። «እንግዲያውስ የታመመው እዚያ ነው፤ እናንተ የምትመረምሩት ጤነኛውን ነው።» ዳሱ ሳቀ። መሪያችንም ሳቀች፣ ግን ጻፈችው። ደለል የሚያፍነው ወገን ላይ ገመድ ያልተዘረጋው ለመጥለቅ ስለማይመች ብቻ ነበር፤ አቅደው የጀመሩት ሰዎች ውሃው የጠራበትን መረጡ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ከወንዙ ማዶ አዲስ ጣቢያ ተከፈተ፤ እይታው ሁለት ሜትር ሲደርስ በዓል ነው፣ ማንም ለፎቶግራፍ አይሻማበትም።

ማኅበረሰብ ሲወስን የሚሆነውን በሌላም ቦታ ማየት ይቻላል። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የምትገኘው የአንዳቫዱዋካ መንደር እ.ኤ.አ. በ2004 ከሪፉ አንዱን ክፍል ለወራት ከኦክቶፐስ አደን ዘጋች። ኦክቶፐስ ፈጥኖ ስለሚያድግ ቦታው ሲከፈት የተገኘው በክብደት ከቀድሞው የበለጠ ሆነ፤ ጎረቤት መንደሮች አይተው ተከተሉ። በፊሊፒንስ የአፖ ደሴት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ተመካክረው ከሪፋቸው ጥቂቱን ከመጠመድ ከለከሉ፤ ጠባቂዎቹም ራሳቸው ነበሩ። በሁለቱም ቦታ የፈቃደኛ ቆጠራ አልነበረም ነገሩን ያስጀመረው፤ ባሕሩን የሚበላው ሰው መወሰኑ ነው። እኛ የምናመጣው ውሳኔው ሠርቶ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ይህን ቦታችሁን አውቃችሁ ስትሄዱ ከሰው ጋር መስማማት ይቀላል። የአጥማጁን መረብ በክፉ ዓይን እያዩ፣ ማታ ያጠመደውን እየበሉ ስለ ጥበቃ መስበክ ያሳፍራል።

ስለ ኮራል ተከላ ብዙ ትጠየቃላችሁ። የኮራል ቁራጭ በብረት ማዕቀፍ ላይ ማሰር ለዓይን የሚሞላ፣ ለፎቶግራፍ የሚመች ሥራ ነው፤ በትክክለኛው ቦታ፣ በባለሙያ ሲሠራም ጥቅም አለው። እኔ የምጠይቀው የመጀመሪያው ኮራል በምን ሞተ ብዬ ነው። በሙቀት፣ በደለል ወይም በፍሳሽ ከሆነና ምክንያቱ ካልተነሣ፣ አዲሱም የሚጠብቀው ያው ነው። የተከሉትን ከዓመት በኋላ ተመልሰው የሚቆጥሩ ፕሮግራሞችን አምናለሁ፤ ስንት ተከልን ብቻ የሚሉትን አላምንም።

በኮራል ላይ የተጠመጠመ የተጣለ መረብ ስታገኙም አትጎትቱ። ከኮራሉ ጋር ይነቀላል፣ በውስጡም ሕያው ነገር ሊኖር ይችላል፤ በመቀስ እየቆረጡ በጥቂት በጥቂቱ ማላቀቅ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። ለጸሐይ መከላከያ ቅባት ከመጨነቅ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ልበሱ፤ ሃዋይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችውና በ2021 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ኮራል ይጎዳሉ የተባሉ ሁለት የጸሐይ መከላከያ ኬሚካሎች ያሉባቸውን ቅባቶች ሽያጭ ከልክላለች። በተደጋጋሚ ከጠለቃችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ከውሃ ከወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አትሳፈሩ፤ የመመለሻ ቲኬታችሁን ይህን አስባችሁ ቁረጡ። የመጥለቅ አደጋን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ይኑራችሁ፤ ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም። ደክሟችሁ ከሆነ «ዛሬ አልጠልቅም» በሉ። የደከመ ሰው ለራሱ አደጋ ነው፣ ቁጥሩም አይታመንም።

ጠልቆ መቁጠር ለማይችል ሰው የሚሆን ሥራም ሞልቷል፦ የድሮ ቅጾችን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ ፎቶግራፎችን መለየት፣ በባሕር ዳርቻ የሚሰበሰበውን ቆሻሻ በዓይነት እየለዩ መመዝገብ። ቆሻሻ ለቅሞ ሚዛን ላይ ማውጣት ብቻ ብዙ አይናገርም፤ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው የሲጋራ ቁራጩ፣ የጠርሙስ ክዳኑና የመረብ ብጣሹ ለየብቻ ሲቆጠር ነው።

ከመመለሳችሁ በፊት ለሚቀጥለው ሰው ማስታወሻ ጽፋችሁ ተዉ። እኔ የተውኩት በግምት እንዲህ ይላል፦ የሁለተኛው ጣቢያ መነሻ ካስማ በስፖንጅ ስለተሸፈነ አይታይም፤ ከትልቁ ክብ ኮራል በስተግራ በእጅ ሳይሆን በዓይን ፈልጉት። ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ወደ ጥልቁ ስለሚገፋ ገመዱን ጠዋት ዘርጉ። በጥልቁ መስመር ሦስተኛ ክፍል ላይ ያለው ጉድጓድ ሞሬይ የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ አለበት፤ ሁልጊዜ አይወጣምና መብራት አብሩበት፣ ካጣችሁት ዜሮ ጻፉ። ከወንዙ ማዶ ስትሄዱ አዛውንቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ውሃው የሚጠራበትን ቀን ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ሁለት እርሳስ ያዙ።